ዓሣ እንዴት ያልቃል?



ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ከብትን በሽታ ይጨርሰዋል፤ እህልን ድርቅ ይጨርሰዋል፤ ዓሣ ግን ውኃ ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም፤ እንዴት ያልቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በሁለት ደቂቃ መልስ የሚታለፍ ስላልነበረ መልሱን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩትን የባዮሎጂ ትምህርት ባልጨርሰውም፣ የተማርኩትን ያህል አካፍላችኋለሁ።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በካምፓችን ገበያ ደርቆ የሚሸጠው ዓሣ ከቱርካና ሐይቅ የሚመጣ ነው። ወደዚያ ሐይቅ ከሚገባው ውኃ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ግን ጣናን ነው፤ በዚያ የሆነው ነገር በሚገባ ተጠንቷልና።

ዓሣ እንዴት ይኖራል?

ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው። ስንጥብ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፣ በክዳን ተሸፍኖ የሚገኝ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ቀይ አካል ነው። ውኃ በአፉ ገብቶ በስንጥቡ በኩል ሲወጣ፣ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ወደ ደሙ ይገባል። አምባዛ የተባለው ዓሣ ከዚህ ሌላ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው በጭቃማ ውኃ ውስጥ እንኳ መቆየት ይችላል።

ዓሣ እንደ ሰው በተወሰነ ዕድሜ ማደጉን አያቆምም። በሕይወት እስካለ ድረስ፣ እየዘገመም ቢሆን፣ ያድጋል። እናት ዓሣ በገዘፈች መጠን የምትይዘው እንቁላልም ይበዛል። ስለዚህ አንዲት ትልቅ እናት ዓሣ ብዙ ትናንሽ እናቶችን ትተካለች።

አወላለዳቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ምሳሌ እንይ።

የመጀመሪያው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ትሸከማቸዋለች። መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ እናቲቱ ከተያዘች፣ የጠፋችው እሷ ብቻ አይደለችም።

ሁለተኛው ባርበስ ነው። በጣና 15 ያህል የትልልቅ ባርበስ ዓይነቶች ይገኛሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የሉም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንደ ጉማራ፣ ርብና ገልዳ ባሉት ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት በጠጠር መካከል እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

መረቡ የሚመርጠው

አሁን ወደ ማጥመጃው እንምጣ። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው አንድ አንድ እያለ ያወጣል። በውኃ ውስጥ እንደ አጥር የሚዘረጋው መረብ ግን ሌላ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፤ ሰውነቱ ወፍራም ስለሆነ አያልፍም፤ ወደኋላ ልመለስ ሲል ክሩ የስንጥቡን ክዳን ይይዘዋል። ስለዚህ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው የመረቡ ዓይን ስፋት ነው። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንንሾቹ አልፈው ይሄዳሉ። ጠባብ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልዱ ይያዛሉ።

ከዳር እየተጎተተ የሚወጣው መረብ ደግሞ የቆሮሶን ጎጆ ያፈርሳል፤ ጫጩቱንም ከእናቱ ጋር ጠርጎ ያወጣል። ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው። በአገራችን የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ የዓሣው ሰውነት በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። መርዝ እንደ መረብ ዓይን የለውም፤ ትልቁንም ትንሹንም እኩል ይገድላል።

በጣና የሆነው

በጣና ዳርቻ ሰዎች በደንገል ታንኳ ከጥንት ጀምረው ሲያጠምዱ ኖረዋል። ታንኳዋ ሩቅ አትሄድም፤ የሚያዘውም ለአካባቢው የሚበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ድሃው አጥማጅ ገቢ እንዲያገኝ፣ የከተማውም ሰው ዓሣ እንዲበላ ነው። ይሁን እንጂ ጀልባዎቹ ብዙ ዓሣ በቀላሉ የሚገኝበትን ቦታና ጊዜ አወቁ። ይኸውም በክረምት የወንዞቹ አፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ የትልልቆቹ ባርበሶች ብዛት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ መጠን ደግሞ ከዚያም በላይ አሽቆለቆለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሮሶ በዳርቻው ሁሉ ተበታትኖ ይራባል። ባርበስ ግን በዓመት አንድ ወቅት ጠብቆ፣ በአንድ በር ተሰብስቦ ይገባል። በሩ ላይ መረብ ከተዘረጋ የሚያዘው እናትና አባት ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ትውልድም ሳይፈለፈል ይቀራል።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ዓሣ ለመውለድ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል እንበል። 100 ጫጩቶች ቢኖሩና መረብ በየዓመቱ ግማሾቹን ቢወስድ፣ ከ100 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 25፣ ከ25 ወደ 12 ይወርዳሉ። ለመውለድ የደረሱት 12 ብቻ ናቸው። በየዓመቱ የሚወሰደው ከ100 እጅ 20 ብቻ ቢሆን ግን 51 ያህል ይደርሳሉ። ይህም በበሽታና በአዳኝ የሚሞተውን ሳንቆጥር ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ዓሣ አጥማጁን ክፉ ሰው አድርገን አንይ። ዛሬ የሚርባቸው ልጆች አሉት። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» ቢል ደግሞ እውነቱን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ቢታገሥ አይበቃም፤ የሁሉም የሆነ ደንብ ያስፈልጋል።

ወላጆች፣ በክፉ ቀን የዘር እህልን ቆልቶ መብላት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዘሩን የበላ ገበሬ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ሆኖም ዝናቡ ሲመጣ የሚዘራው የለውም። በወንዝ አፍ ላይ የተያዘችው እናት ዓሣ የሐይቁ የዘር እህል ናት።

ደንቡ ምን መሆን እንዳለበት ከላይ ካየነው ይወጣል። በመራቢያ ወራት የወንዞችን አፍ መተው፣ የመረብ ዓይን እንዳይጠብ መወሰን፣ መርዝን ፈጽሞ መከልከል ነው። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች። በቪክቶሪያ ሐይቅም ከ50 ሳ.ሜ. ያነሰ ናይል ፐርች እንዳይያዝ ተደንግጓል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ብቻ ዓሣ አያድንም። የሚያድነው ምክንያቱን የተረዳ አጥማጅ፣ ነጋዴና ገዢ ነው። ደግነቱ ዓሣ ብዙ እንቁላል ስለሚጥል፣ እናቶቹ ፈጽመው ሳያልቁ ፋታ ቢሰጠው ሊያንሰራራ ይችላል።

ልጆች፣ ነገ የት እንደምትኖሩ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም። ወደ አገራችን ተመልሳችሁ በጣና ወይም በጫሞ ዳር፣ ወይም እዚሁ በቱርካና ዳር ትኖሩ ይሆናል። የትም ብትሆኑ «ውኃ ውስጥ ያለ ነገር አያልቅም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የምትመልሱት ይኑራችሁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. መረብ ዓሣውን የሚይዘው በየትኛው አካሉ ነው? የመረቡ ዓይን ቢሰፋ ምን ይለወጣል?
2. በወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ከቆሮሶ ይልቅ ባርበስን የሚጎዳው ለምንድን ነው?
3. ከላይ ያለውን ሒሳብ በየዓመቱ 30 በመቶ ቢያዝ ብላችሁ እንደገና ሥሩት።
4. ከወላጆቻችሁ ጋር ገበያ ስትሄዱ የሚሸጠውን ዓሣ በስንዝር ለኩና በደብተራችሁ መዝግቡ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አብረን እንወያይበታለን።