የሯጭ ልብስና የጭን ቁስል

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የሮማን ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ፣ አጭር ቁምጣ ለብሶ ነበር። ይሁን እንጂ ሯጭ ሁሉ ቁምጣ አይለብስም፤ ኪልት የተባለውን የስኮትላንድ ሽርጥ ለብሰው ረዥም ርቀት የሚሮጡ ወንዶች አሉ። ይህ ልብስ ከሥሩ ነፋስ ስለሚያስገባ ገላን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ጭን ከጭን እንዳይፋተግ አይከለክልም።

በዲላ ወበቅ በቀሚስ የምትሮጥ ተማሪም ይኸው ይደርስባታል። ላብ ያራሰው ቆዳ ሲፋተግ ይላጣል፤ ርጥበቱ ሲሰነብትም ጭርት ሊወጣባት ይችላል። ስለዚህ ከቀሚሷ ሥር ጭኗን የሚሸፍን ስስ ቁምጣ ትልበስ፤ ጭኗንም ቫዝሊን ትቀባ። ከሩጫ በኋላ በውሃና በሳሙና ታጥባ፣ ገላዋን አድርቃ፣ ንጹሕ ልብስ ትለውጥ።

መምህራን ሆይ! ይህ ቁስል በኀፍረት ይሸሸጋል። ሩጫ የተወችውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለት አስቀድሞ፣ ምክንያቱን በሴት መምህርት በኩል በቀስታ ማስጠየቅ ይገባል።