ሹመት ወይስ ትውልድ? ፤ የዋግሹሞች ታሪክ

«ሹም» የሚለው ቃል ትርጕሙ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ሹም ማለት የተሾመ ማለት ነው፤ የሾመው አለ፥ የሾመውም በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረታችን እንኳ ሹመት አላፊ መሆኑን አስቀድሞ አምኖ የተቀበለ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሹመት፥ ግብሩ ግን ርስት የነበረ አንድ ማዕረግ አለ፤ ይኸውም ዋግሹምነት ነው። ቃሉ ሲፈታ «የዋግ ሹም» ከማለት አያልፍም። ሆኖም ወደ ሌላው አውራጃ ገዥ ከቤተ መንግሥት ተመርጦ ሲላክ፥ ዋግን ለብዙ መቶ ዓመታት የገዛው ሰው ከአንድ ቤት የሚወለድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያጸድቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ ከዘሩ ውጭ ሰው አምጥቶ መትከል ከባድ ነበር።

የዚህ ቤት አመጣጥ ከዛጔ መንግሥት መውደቅ ጋራ የተያያዘ ነው። ቅዱስ ላሊበላን ያስገኘው የዛጔ ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1270 ዓ.ም. ዘውዱን በይኵኖ አምላክ ተነጠቀ። ተነጠቀ ወይስ ለቀቀ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በትውፊት የሚነገረው፥ የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን በሰላም አስረክቦ፥ ለእርሱና ለልጅ ልጆቹ በላስታ በኩል የማይነካ ግዛት ተሰጠው የሚል ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጐንደር የመጣው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስም ይህንኑ የስምምነት ታሪክ ጽፎታል፤ ለዛጔ ዘሮች የብር ነጋሪት እንደ ተፈቀደላቸውም አትቷል። በሌላ በኩል ታዋቂው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የጻፉት ከዚህ የተለየ ነው። እንደ እርሳቸው አባባል የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ በጦርነት ተሸንፎ፥ በጋይንት በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተገድሏል።

ሁለቱ ታሪኮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ዳሩ ግን ደም ፈሶም ቢሆን፥ ከዚያ በኋላ አሸናፊው የተሸናፊውን ዘር ጨርሶ አላጠፋም። ይህን ለማመን የዋግ ቤት እስከ እኛ ዘመን መቈየቱ ብቻውን ይበቃል። ስለ ነጋሪቱም ቢሆን ማስተዋል ይገባል። ነጋሪት የሚጐሰመው አዋጅ ለማስነገር፥ ጦር ለማስከተት ነበርና፥ ነጋሪት የተፈቀደለት ሰው ከመንግሥት ሥልጣን ጥቂቱን ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ዋግሹም በሰቆጣ ሲቀመጥ፥ አንድ ዐይኑ በተሰጠው ግዛት፥ ሌላው ዐይኑ አባቶቹ ባጡት ዘውድ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ያ ሁለተኛው ዐይን በ19ኛው መቶ ዓመት ያየውን አገኘ። ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁም፥ ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ዘውዱን ሲጭኑ የጠሩት የአባታቸውን የዛጔን ዘር ሳይሆን፥ በእናታቸው በኩል የሚቈጠረውን የሰሎሞንን ዘር ነበር። በዋግ ያስከበራቸው ትውልድ ለዙፋኑ አልበቃም ማለት ነው።

ለዙፋኑ የቀረው ተቀናቃኝ ደግሞ የሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም፥ የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነበሩ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አማቾቹ አድዋ አጠገብ ተዋጉ። የአፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጦር በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ካሣ ግን ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለሱ እንግሊዞች የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፥ በእስር እንዳሉም ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘር ሊቈጥሩ ብዙዎች ይችላሉ፤ ያን ቀን የለየው ግን መድፉ ነበር።

ከዚህ በኋላ የዋግ ቤት ክብር በሌላ መንገድ ታየ። ዋግሹም ጓንጉል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋግንና የላስታን ጦር ይዘው በአድዋ ከአፄ ምኒልክ ጋራ ተሰለፉ። በጠላት ወረራ ዘመን ደግሞ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ በላስታና በዋግ የተነሣውን ዐመፅ መሩ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ጠላት ገደላቸው፤ ራሳቸውንም ቈርጦ ሕዝብ እንዲፈራ ለማሳያ አደረገው። ይህን ያህል ዋጋ እንዲከፍሉ የአባቶቻቸው ስም ብቻ ሊያስገድዳቸው አይችልም ነበር፤ በስሙ ተከብሮ ዝም ብሎ መኖርም ነበረና።

የማዕረጉን ሁለት ወገን ማየት ደግሞ ግድ ነው። የዋግሹምን ግብር የሚያበላው፥ ፈረሱን የሚቀልበው የዋግ ገበሬ ነበር፤ እርሱም ገዥውን መርጦ አያውቅም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ዘውዱ ሲሻር የመሳፍንቱ ማዕረግም ዐብሮ ቀረ። ዛሬ ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ኽምጣኛ የሚናገረው የአገው ሕዝብም በዚያው ይኖራል። ከከተማይቱ ብዙ በማይርቀው ከዐለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደርቀው የሚገኙት አስከሬኖች የጥንት ዋግሹሞች ናቸው ተብሎ ይነገራል።

እንግዲህ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የመጀመሪያውን ሹመት የሚቀበል ወጣት ከዚህ ታሪክ ምን ያገኛል? ዋግሹምነት ለባለቤቶቹ የሚተርፍ ወንበር ሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን ሁላቸውንም እኩል አላስታወሳቸውም። ከዚያ ረጅም ትውልድ ውስጥ ስማቸው በሕዝብ አፍ የቀረው ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነርሱም ስለ ወረሱት ነገር ሳይሆን በወረሱት ነገር ስለ ሠሩት ሥራ ነው። ዛሬ ወንበር በዘር አይወረስም፤ ስለዚህ የምንጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብለን ሳይሆን «በተሰጠህ ሥልጣን ለማን ምን ሠራህ?» ተብለን ነው። ይህኛው ጥያቄ ለዋግሹሞቹም ቢሆን አልቀረላቸውም።