ጂን በተኪላ ሲተካ፤ ስለ «አቪዬሽን» ኮክቴል አጭር ማብራሪያ

ኮክቴል የተለያዩ መጠጦችን በልክ ቀላቅሎ አንድ አዲስ ጣዕም ማግኛ ነው። እንግዲህ ከተቀላቀሉት አንዱ ሲለወጥ፥ የቀሩት በነበሩበት ልክ ሊቈዩ ይችላሉን? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ «አቪዬሽን» በተባለው የጂን ኮክቴል ላይ እንመረምራለን።

የአቪዬሽንን አሠራር በ1916 (እ. ኤ. አ.) ያሳተመው በኒው ዮርክ ሆቴል ዋሊክ መጠጥ ቀጂ የነበረው ሁጎ ኤንስሊን ነው። ልኩም ሁለት እጅ ጂን፥ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፥ ጥቂት ማራስኪኖ (ከቼሪ ፍሬ የሚወጣ ጣፋጭ መጠጥ) እና ጥቂት የቫዮሌት አበባ ሊኬር ነበር። ሃሪ ክራዶክ በ1930 በለንደን ባወጣው የሳቮይ መጽሐፍ ግን ቫዮሌቱን ስለ ተወው፥ መጠጡ ለብዙ ዘመን ያለ አበባው ሲዘጋጅ ኖረ።

ጂን የሚሠራው ይህ ነው የሚባል ጣዕም ከሌለው አልኮል ነው፤ ሽታውን የሚያገኘው ከሚጨመሩበት ቅመሞች፥ ይልቁንም የአገራችን ጽድ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ፍሬ ነው። ተኪላ ግን ሽታውን ከራሱ ተክል ይዞ ይመጣል። ተክሉ ሰማያዊ አጋቬ ሲሆን የቃጫ ዘመድ ነው፤ በሜክሲኮ፥ በተለይ በሃሊስኮ፥ ይበቅላል፤ ለመድረስም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ቅጠሉ ተመልምሎ መኻሉ ሲበስል ውስጡ ያለው ኢኑሊን ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያም ተጨምቆ ይብላላል፤ እንደ ዳግም አረቄም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ኬሚስቶች በተኪላ ውስጥ ፌኒል ኤታኖልና ቤታ ዳማስኬኖን የተባሉ ነገሮችን አግኝተዋል። ሁለቱም በጽጌረዳ ሽታ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አበባ ለተኪላ እንግዳ አይደለም። በጂኑ ቅልቅል ቫዮሌት ከጽዱ የሙጫ ሽታ ጋር ይታገላል፤ በተኪላው ግን ዘመዱን ያገኛል። ከዚህም የተነሣ ትንሽ ይበቃዋል፤ ከበዛ የሳሙና ሽታ ያመጣል።

እኛ የምናቀርበው ልክ ይህ ነው፤ ተኪላ 60 ሚሊ ሊትር፥ የሎሚ ጭማቂ 20፥ ማራስኪኖ 10፥ የቫዮሌት ሊኬር 5። ተኪላው በበርሜል ያልቈየው ነጩ ይሁን፤ የበርሜሉ እንጨት የሚሰጠው የቫኒላ ሽታ አበባውን ይሸፍነዋልና። ሁሉም ከበረዶ ጋር በተከደነ ዕቃ ለ12 ሰኮንድ ያህል በኀይል ተንጦ፥ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ይጠለላል። በረዶው ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ቀልጦ የአልኮሉን ኀይል ያለዝባል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የቫዮሌትን ሽታ የሚሰጠው አዮኖን ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይሸትም፤ በአንድ የማሽተት ጂን ልዩነት ምክንያት ቤታ አዮኖንን እንደ አበባ የማያሸቱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አዘጋጁ በራሱ አፍንጫ ብቻ ከመፍረድ ይልቅ ሌሎችንም ማስቀመስ ይገባዋል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ አይችሉም የሚል ነው። አንዱን የለወጠ ሰው፥ የቀሩትንም ደግሞ መመዘን አለበት።