ላጲስ የማይገባበት ክበብ

እስቲ ጠጋ በሉኝ፤ የምነግራችሁ በወላጆች ስብሰባ ላይ የማይነሳ ነገር ነው። በወለጋ ከተሞች ባዮሎጂ ሳስተምርና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሳስተባብር ዓመታት አልፈውኛል። የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ከእኛ ከመምህራኑ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዶች ጥብጣብ ይቆርጣሉ። ጠረጴዛው ላይ በጭቃና በጂፕሰም የተሠራው እሳተ ገሞራ አረፋ ይተፋል፣ ከካርቶን የተሠራው ግድብ አምፖል ያበራል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ያ እሳተ ገሞራ ግን አምናም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ የተጨመረለት ቀለም ብቻ ነው። አጠገቡ የቆመውን ልጅ አረፋው ለምን እንደሚወጣ ብትጠይቁት በቃሉ የያዘውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳያጓድል ይነግራችኋል። ያንኑ በኦሮምኛ አስረዳኝ ስትሉት አንገቱን ይደፋል።

ልጁን አልወቅስም። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀው። ከዚያም በላይ ትክክለኛ መልስ ያለው ሲመሰገን፣ የተሳሳተ ሲሳቅበት እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ ያየውን ትቶ መምህሩ የሚፈልገውን መጻፍ ይማራል። የእኛ ትልቁ ድክመት የዕቃ እጥረት ይመስለን ነበር። እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት ጨለለቂ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ነቀምቴን የማታውቁ፣ ጨለለቂ ከከተማዋ መንደሮች አንዱ ነው። የክበቡን ልጆች ይዤ የወጣሁት ውሃ በምን ያህል ፍጥነት ወደ መሬት እንደሚሰርግ ልንለካ ነበር። መሣሪያችን ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ግማሽ ሊትር ውሃና የስልክ ሰዓት ነው። ጣሳውን ሁለት ጣት ያህል መሬት ውስጥ ትተክላለህ፣ ውሃውን ትጨምራለህ፣ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር ወሬ ነውና በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ይለካል። ግማሾቹ ልጆች ዛፍ ሥር፣ ግማሾቹ ሰውና ከብት የረገጠው መንገድ ዳር ሆኑ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ስታስረክበኝ መንገዱ ዳር የለካቻቸው ሦስቱም ቁጥሮች ከ30 ደቂቃ በላይ ነበሩ። ሦስተኛው የተጻፈበት ቦታ ግን ወረቀቱ ሳስቶ ያበራል። ወደ ብርሃን ባዞረው ከሥሩ 4 የሚል ይታያል።

«ምንድን ነው ያጠፋሽው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ተሳስቼ ነው። ውሃው ቶሎ ጠፋብኝ። የሌሎቹ እንደዚያ ስላልሆነ አስተካከልኩት።»

ተያይዘን ወደ ቦታው ተመለስን። ጣሳውን ነቅለን መሬቱን በስንጥር ስንጭር የምስጥ መተላለፊያ ቀዳዳ ከሥሩ አገኘን። ውሃው በአራት ደቂቃ የጠፋው በዚያ ነው። በወለጋ፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ ምስጥ የታወቀ ጠላት ነው፤ እህል ይበላል፣ የቤት ምሰሶ ይቦረቡራል። እዚህ ግን ረግጠን ያደደርነውን መሬት ለዝናብ የሚከፍትልን እሱ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ያጠፋችው ቁጥር የዚያ ቀን ትልቁ ግኝት ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ክበባችን ውስጥ ላጲስና እርሳስ አይገቡም። በእስክሪብቶ ይጻፋል። የተሳሳተ ቁጥር አንድ ሰረዝ ይሰመርበታል፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ይተዋል፣ ጎኑ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል። ቋንቋውን ልጁ ይመርጣል። «ቢዬ ዲማ» ብሎ የሚጽፈው ቀይ አፈር ያው ቀይ አፈር ነው፤ እንግሊዝኛው ኋላ ይደርሳል።

የቀይ አፈር ነገር ከተነሳ አንድ ታሪክ አለ፤ በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አይቼው አላውቅም፣ ለልጆቹ ሳላወራላቸው ግን ዓመቱ አያልፍም። የእግር ማበጥ፣ ዝሆኔ የምንለው በሽታ፣ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ብዙ ሰው ያሠቃያል። ኦመን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት 56 ገበያዎች ላይ ከ200,000 በላይ ገበያተኞችን ቆጥሮ ከመቶው በአማካይ 2.7 ያህሉ እግራቸው ያበጠ ሆኖ አገኘ። የተጠቀመው ዓይኑንና መቁጠሪያውን ነው። ከእሱ በኋላ ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሕሙማኑ የሚኖሩበትን ቦታ ከአፈሩና ከአለቱ ጋር አመሳከረ። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት መሆኑን አሳየ። ትንኞች የሚያስተላልፉት ትል የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ ይኼኛው ግን ትል የለበትም። ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ፣ በዘር ተጋላጭ የሆነውን ሰው የሊምፍ ቧንቧ ያስቆጣል። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ ያለው ፕራይስ ነው።

ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝናቧም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አፈሯ ቀይ ነው። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከመቶው 2.8 ሰው በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል። ከልጆቹ መካከል አያቱ ወይም አክስቱ የታመመችበት አይጠፋም፤ «እርግማን ነው» ሲባል የሰማም ብዙ ነው። እርግማን አለመሆኑ የታወቀው ሰዎች ገበያ ቆመው ስለቆጠሩና ካርታ ላይ ስላሰፈሩ ነው። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። እኔ ስለ ሳይንስ ዘዴ ሦስት ሳምንት ከማስተምረው ይልቅ ይህ አንድ ታሪክ ብዙ ያስጨብጣቸዋል።

ለልጆቹ የማወራው ሁለተኛው የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የአክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ሞት ያገኛቸው ከእንዶዱ ይሁን አይሁን ለማወቅ በሕይወት ያሉትን አምጥቶ በእንዶድ ውሃ ፈተናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘለት። እንዶድ በእኛ አገር ሀንዶዴ ይባላል፤ በየአጥሩ ሥር አለ። ልጆቹ ቤታቸው ሲደርሱ ቅጠሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሆነው ነው የሚያዩት።

ላቦራቶሪውስ? አለ። በብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ ቁልፉ ግን ኃላፊነት የፈረመ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ቱቦ ቢሰበር ከደመወዝ ይቆረጣል ተብሎ ስለሚፈራ ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ ያረጃል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ ልጆቹ ሙከራን በስክሪን አዩ፤ ለማየት ያህል ጥሩ ነበር፣ እጃቸው ግን ደረቅ ቀረ። ስለዚህ የውሃ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን፣ ገልብጠን፣ ማስመሪያ ለጥፈን የዝናብ መለኪያ እንሠራለን። ጠርሙሱ ሥሩ ጎድጓዳ ስለሆነ በቀጥታ አይለካም፤ መጀመሪያ ዜሮው መስመር ድረስ ውሃ ይሞላል። ይህን የነገረኝ ተማሪ ነው፣ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ልጆቹ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ስፋት ለክተው በአንድ ሌሊት ዝናብ ስንት በርሜል እንደፈሰሰ ሲያሰሉ፣ በማግስቱ ቧንቧው ለምን ደረቅ ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አልቀለለኝም፤ ጥያቄው ግን የእነሱ ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቦዩ የጎርፍ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ቀዩ ሸክላ ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰው ነው። የምሥራቅ ወለጋ ጎርፍ ወደ አንገርና ዴዴሳ ይወርዳል፤ አንገር ዴዴሳን፣ ዴዴሳ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከዚያ በታች ሕዳሴ ግድብ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አፈር ወዴት ሊሄድ እንደነበር ጣታቸውን ካርታ ላይ እያስኬዱ ያገኙታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼኛው ከሁሉም ይከብደኛል። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ ስንት እንደተከልን ለበላይ ሪፖርት እናደርጋለን። ስንቱ እንደጸደቀ የሚጠይቅ ቅጽ ግን እኔ ሞልቼ አላውቅም። ክበባችን በኅዳርና በመጋቢት እየወጣ ይቆጥራል፤ የደረቀውንም ይመዘግባል፣ ለምን እንደደረቀ ይጽፋል፦ ፍየል፣ የውሃ እጥረት፣ ያለ ቦታው የተተከለ ዝርያ። ያ ደብተር ለእንግዳ አይታይም። እኔ ግን ከእሳተ ገሞራው ይልቅ እሱ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ እወድ ነበር።

ከነቀምቴ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ይሁን ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች «ለትምህርት ቤቱ ምን እንላክ?» ትሉናላችሁ። ኮምፒውተሩ ይቆየን። ለእረፍት ስትመጡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡን፤ ጫማችሁን አድርጋችሁ ከልጆቹ ጋር ጨለለቂ ውረዱ። ጣሳውንና ውሃውን እነሱ ያመጣሉ፤ እናንተ እስክሪብቶ ያዙ።