ከጨነቅ ብርድ ወደ ዛሪማ ሐሩር በቢስክሌት

በጨነቅ አፋፍ ላይ በማለዳ ቆመው ያውቃሉ? ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ጅብራው እንደ ዘበኛ ተራርቆ ቆሟል። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ዕድል የቀናውም ሰው ዋልያን በገደሉ ጥግ ያያል። ሌሊት ውርጭ የወረደበት ሣር ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከዚያው ከብርዱ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ግን ቆላው በሐሩር ጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ዛሬ የምናወጋዎት ይህን ብርድና ያን ሐሩር ከጓደኞች ጋር በሁለት ጎማ ስለ ማገናኘት ነው።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ። ከጨነቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል እስከ ደባርቅ ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠጠር ስለሆነ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ቢስክሌት አይሆነውም። የሰሜን ተራሮች ፓርክም ያለ ጠባቂ መግባትን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ጠባቂውንና ጓዙን የሚይዝ መኪና ከኋላ ቢከተል መልካም ነው። በእነዚህ ዓመታት የአገሩ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሳይጠይቁ አይነሡ።

ተሰልፎ መንዳትን ለመለማመድ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው የገብስ አገር ይበቃል። በሰልፍ መንዳት ማለት ተራ በተራ ነፋስ መስበር ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ከጎማው ኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የሚከተለው ሰው ግን ከድካሙ ሲሶ ያህሉን ይድናል። ከፊት ያለው ሲደክመው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ይተካዋል። ጠንካራው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይመራል፤ ደካማው አጠር አድርጎ ይለቃል። ይህን ሕግ ማንም በአንድ ቀን ይማረዋል።

ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞ ሲደረስ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። መንገዱን በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍለው ያወጡት ሲሆን፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ጨብጦ ያለ ማቋረጥ መውረድ አደገኛ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ እንደሆነ ቸርኬው ይግላል፤ በጋለ ቸርኬ ላይ ያለ ካላማዳሪያም ድንገት ይፈነዳል። ስለዚህ እየያዙ እየለቀቁ፣ በየመጠምዘዣው ቆም እያሉ ይውረዱ። ገደሉን ለማየትም ቢሆን መቆሙ አይቆጭም።

በቁልቁለቱ ላይ ሰውን የሚያታልለው ነፋሱ ነው። ላብ ገና ከቆዳ ላይ ሳይንጠባጠብ ነፋሱ ያደርቀዋልና ሰውየው ያላበ አይመስለውም፤ ውሃውንም አይነካም። እየሣቀና እየዘፈነ ዛሪማ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ሆናለች። ታዲያ አንድ ደፋር ከመካከላቸው ይነሣና፣ «ምሳችንን ደባርቅ እንበላለን፤ እንውጣ!» ይላል። የአደጋው መጀመሪያ ይህች ቃል ናት።

ምክንያቱን እንንገርዎ። ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ከሚያወጣው ጉልበት ውስጥ ፔዳሉን የሚያዞረው ቢበዛ ሩቡ ነው፤ የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ሆኖ በሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። በሜዳ ላይ ነፋሱ ይህን ሙቀት ይወስድለታል። በአቀበት ግን ፍጥነቱ ከሰው ሩጫ ያነሰ ስለሆነ ነፋስ የለም፤ ከጓደኛ ኋላ መደበቅም ምንም አይጠቅምም። ከላይ ፀሐይ፣ ከጎን የጋለ ድንጋይ፣ ከውስጥ የራሱ እሳት። በዚህ ጊዜ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሊትርና ከዚያም የበለጠ ላብ ሊያፈስ ይችላል።

ይህን ስናነሣ በሮማ ኦሎምፒክ የሆነው አሳዛኝ ነገር ትዝ ይለናል። ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓሉ በተከፈተ ማግስት፣ የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ቢስክሌት እሽቅድምድም ተደረገ። እያንዳንዱ አገር አራት ሰው ያሰልፋል፤ ሰዓቱ የሚያዘው ግን ሦስተኛው ሰው ሲገባ ነው። አንድ ሰው ቢቀር ግድ የለም፤ ሁለት ቢቀሩ ግን ቡድኑ ፈረሰ። በዚያ ሰልፍ የኛም ሰዎች ነበሩበት፤ ከነርሱ አንዱ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የተወዳደረው ገረመው ደንቦባ ነው።

ከዴንማርክ አራት ሰዎች አንዱ በሙቀት ተመትቶ ገና በጧቱ ወጣ። ከቀሩት ሦስቱ መካከል የ23 ዓመቱ ክኑድ ኤነማርክ ዬንሰን ራሱ እንደ ዞረበት ተናገረ። እንዲያርፍ ቢያደርጉት ውድድሩ ማለቁ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ውሃ እያርከፈከፉበት አብረውት ነዱ። ነቃ ያለ መሰላቸው፤ ለቀቁት። ወዲያው ወደቀ፤ ራሱም ከመንገዱ ጋር ተጋጨ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ። የመረመሩት የጣልያን ሐኪሞች የሞቱ ምክንያት የሙቀት ምት ነው ብለው ደመደሙ። መድኃኒት ወስዶ ነበር የሚለው ክርክር ግን ለብዙ ዓመታት አልበረደም፤ በኦሎምፒክ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ እንዲጀመር ከገፋፉት ነገሮችም አንዱ ሆነ።

ጣልያኖቹ ያን ውድድር በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ አሸነፉ። ከ15 ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የፈጸመበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ግን ማራቶኑ ሙቀቱን ሽሽት ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተፈጽሟል። ለቢስክሌተኞቹ ይህን ያሰበላቸው አልነበረም።

የዬንሰንን ጓደኞች መንቀፍ አይገባንም፤ ደንቡ ሦስተኛውን ሰው እንዳይለቁት አስገድዷቸዋል። በሊማሊሞ ላይ ግን ሰዓት የሚይዝብዎ ዳኛ የለም። እንግዲህ የሜዳውን ሕግ እዚህ ይገልብጡት። በሜዳ ጠንካራው ይመራል፤ በአቀበት ደካማው ከፊት ይሁን፤ ሁሉም በርሱ እርምጃ ይውጣ። ጠንካራው ከኋላ ሆኖ ጓደኛውን ይመልከት። ጨዋታ የሚወደው ሰው ዝም ቢል፣ ሲጠሩት የማይገናኝ መልስ ቢሰጥ፣ ቢስክሌቱ ግራና ቀኝ ቢዋልል፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ቢለው፣ እርሱ «ደኅና ነኝ» ቢልም አይመኑት። ወዲያው ያስቁሙት፤ ጥላ ውስጥ አስገብተው ልብሱን ያውልቁ፤ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡለት። አእምሮው የተናወጠ እንደሆነ በአፉ ውሃ አይጨምሩ፤ ሊያንቀው ይችላል። እያቀዘቀዙት በመኪናው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን እዚያ አለመድረስ ነው። ዛሪማ አድረው ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሡ፤ ፀሐይ ስትበረታ ከአቀበቱ የሚበዛው ከኋላዎ ይሆናል። ጥም ሳይመጣ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ። ላብ ጨውንም ይዞ ይወጣልና ባዶ ውሃ ብቻ አይበቃም። ለ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልክ ጨምሮ መያዝ ነው። ለሆድ ደግሞ ከደባርቅ ገበያ የተገዛ የገብስ በሶ፣ ማር ጠብ ተደርጎበት ሲበጠበጥ፣ በውድ ዋጋ ከውጭ ከሚመጣው የስፖርተኛ ምግብ ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም እኛ እንመርጠዋለን።

ወደ ላይ ሲቃረቡ አየሩ እየለዘበ ይመጣል፤ የሚነፍሰውም ነፋስ ደጋ ደጋ ይሸታል። ደባርቅ ደርሰው ቢስክሌቱን ከግድግዳ አስደግፈው ሲቀመጡ፣ ትናንት ጧት የናቁትን ጋቢ ከመኪናው ያወርዱታል። ሻይ ከመታዘዙ በፊት ሰዎቹን ይቁጠሩ፤ ከጨነቅ የተነሡት ሁሉ ከጠረጴዛው ዙሪያ ካሉ ሻይው በነርሱ ቁጥር ይምጣ።