ዳይፐሩን ገልጦ ማየት

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሕፃኑን ፊት ነው። «ቁርጥ አባቱን!» ይባላል፤ ግንባሩና አፍንጫው ይተነተናል። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ግን ዳይፐሩን ይገልጣል።

ጤነኛ ጨቅላ አብዛኛውን ጊዜ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ሰገራውን ያወጣል፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነው። ይህ ከቀረ፣ ሆዱም ከተነፋ፣ ይባስ ብሎም አረንጓዴ ሐሞት ካስመለሰው፣ አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። መዘጋቱ ከአንጀቱ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊያጋጥም ይችላል። ያለ ራጅ፣ በባዶ ዓይን የሚለየው የፊንጢጣው ነው። የሚያስቆጨው፣ እሱም ሳይታይ የሚታለፍበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ይህ የፊንጢጣ ችግር የሚያጋጥመው በግምት ከ5000 ሕፃናት አንዱን ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት የፅንሱ የሽንትና የሰገራ መውጫ አንድ ነው፤ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ግድግዳ መሀል ገብቶ ይለያያቸዋል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲቀር አንጀቱ መውጫ ያጣል፤ አለዚያም በቀጭን ቀዳዳ ወደ ጎረቤቱ ይሾልካል። በወንዶች ብዙ ጊዜ የሚሾልከው ወደ ሽንት ቧንቧ ስለሆነ ሰገራው ከሽንት ጋር ይወጣል። በሴቶች ደግሞ ከብልት በር አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። እንግዲህ «ሰገራዋ ወጥቷል» ተብሎ ወደ ቤት የምትላክ ልጅ አለች፤ ነገሩ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ምግብ ጀምራ ሰገራዋ ሲጠጥር ነው። ጎረቤት ይህን ጊዜ እናት በእርግዝናዋ ምን በላች፣ ምን ነካች እያለ ይመረምራል። ያ ግድግዳ ግን የሚሠራው እናትየዋ ማርገዟን በወጉ ሳታውቅ ነው።

ሐኪሞቹ ቢላ ለማንሳት አይቸኩሉም። ሰገራው በየት በኩል ብቅ እንደሚል ለማየት እስከ 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። እስከዚያ በቱቦ ጨጓራውን ያራግፋሉ፤ ልብ፣ ኩላሊትና አከርካሪም ይመረመራሉ፤ ችግሩ ብቻውን የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። አንጀቱ ከቆዳው ካልራቀ ወዲያውኑ ይስተካከላል። ከራቀ ግን ትልቁን አንጀት በሆድ በኩል ያወጡታል፤ ኮሎስቶሚ ይባላል። ቤተሰቡ ወራት ጠብቆ ለዋናው ኦፕራሲዮን ይመለሳል፤ በሦስተኛው ደግሞ ኮሎስቶሚው ይዘጋል። ከገጠር ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚደርስ ገበሬ፣ ይህ ሦስት ጊዜ ሥራ ፈትቶ መምጣት ማለት ነው።

ዋናውን ኦፕራሲዮን የቀየረው ሜክሲኳዊው ቀዶ ሐኪም አልቤርቶ ፔንያ ነው። ቀድሞ አንጀቱን ወደ ታች የሚስቡት ጡንቻዎቹን በቅጡ ሳያዩ፣ በዳሰሳ ነበር። ፔንያ በ1980 ሕፃኑን በሆዱ አስተኝቶ ዳሌውን ከፍ አደረገና ከጭራ አጥንት በላይ ጀምሮ ልክ መሀል ለመሀል ቀደደው። ድፍረቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዋና ዋናዎቹ ነርቮች መሀለኛውን መስመር አያቋርጡም። ቢላው ከመስመሩ እንዳይወጣ ጡንቻውን በኤሌክትሪክ ዘንግ ይነኩታል፤ ጡንቻው ኩምትር ሲል መሀሉ የት እንደሆነ ራሱ ያሳያል። አንጀቱ እዚያ የጡንቻ ቀለበት ውስጥ ይቀመጥና ዙሪያው ይሰፋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የምትሠራው እናት ናት። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ጠባሳው አዲሱን ቀዳዳ እንዳያጠበው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ዘንግ በቅባት አሽታ ታስገባለች፤ በየሳምንቱ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ይጨምራል። ልጁ ያለቅሳል፣ እሷም አብራ ታለቅሳለች። ብትተወው ግን ቀዳዳው ሊጠብና ልጁ ዳግም ለቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ድርቀት አብሮት ሊኖር ይችላል፤ አከርካሪው ወይም ጡንቻው ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ሰገራውን መቆጣጠር ስለሚያቅተው በየቀኑ አንጀቱን በውኃ ማጠብ ያስፈልገዋል። አንጀቱ ከቆዳው ሳይርቅ የተዘጋበት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ሽንት ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ አራስ ያላችሁ ሁሉ፣ አዋላጇ የልጁን መቀመጫ እንዳየች ሳትጠይቁ ከጤና ጣቢያ አትውጡ። አረንጓዴ ካስመለሰው ደግሞ ቅቤም ሆነ ውኃ አታቅምሱት፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት።