ከበሮ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?

ኅዳር 29 ለሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስንለማመድ አንድ ልጅ ደክሞት ከበሮው ላይ ቁጭ አለ። አንዷ ልጅ «ተነስ! የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ አይቀመጥም!» ብላ ጮኸችበት። እሱም «ይሄ እኮ የትምህርት ቤት ነው፤ ደግሞ ከበሮ ሁሉ አንድ ነው» አላት። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ሁለቱም ጓደኞቼ ናቸው። ስለዚህ ለሚኒ ሚዲያችን ጉዳዩን ጠይቄ ለመጻፍ ተነሳሁ። ያነጋገርኩት በሰፈራችን ያሉ አንድ መሪጌታን፣ የጓደኛዬን አያትና የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችንን ነው።

መሪጌታ መጀመሪያ ያሉኝ የልጁንም የልጅቷንም ሐሳብ የሚደግፍ ነው። ለትምህርት ቤት የተገዛ ከበሮ የትምህርት ቤት ዕቃ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ግን ከንዋያተ ቅድሳት ይቆጠራል፤ እንደ ልብ አይነካም፣ ለዘፈንም አይወጣም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ክብሩ ይለያያል ማለት ነው።

ከዚያ ከበሮውን ቁራጭ በቁራጭ አስረዱኝ። እኔ ከዚህ በፊት ከበሮ ማለት እንጨትና ቆዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው የመለኮትን ወሰን የሌለው ስፋት፣ ጠባቡ ደግሞ ጌታ ሰው ሆኖ በአጭር ቁመት፣ በጠባብ ደረት መወሰኑን ያመለክታል። ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ነው። ከላይ የሚለብሰው ጨርቅ ሲያላግጡበት ያለበሱት ልብስ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ማንገቻ የታሰረበት ገመድ ነው። እንግዲህ ከበሮ ሲመታ ምእመናን የሚያስቡት መከራውን ነው፤ ግን ደስ እያላቸው ያጨበጭባሉ! ይህ ግራ ገብቶኝ ስጠይቃቸው «መከራው ለእኛ መዳኛ ስለሆነ ነዋ» አሉኝ።

አመታቱም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ቀጥሎ ከበሮው ቀስ እያለ ይገባል፤ መረግድ ይባላል። በመጨረሻ ጽፋት ሲደርስ ይፈጥናል፣ ጭብጨባውም ይደምቃል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓ የሚዜመው በመቋሚያ ነው። ይህንን ዜማ የደረሰው በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም የእሱ ናቸው።

ጸናጽልን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለቱ ቋሚዎች ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው። ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላልም ነው ይባላል፤ የሚንሿሹት ቅጠሎች በመሰላሉ የሚወጡና የሚወርዱ መላእክት ናቸው። መምህራችን እንደነገሩን ከክርስትና በፊት በጥንታዊት ግብፅ ሐቶርና ኢሲስ ለሚባሉ አማልክት እንዲህ ያለ መሣሪያ ይንሿሿ ነበር። ዕቃው ተመሳሳይ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደ እምነቱ ይለያያል።

የሕንድም ነገር እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ክልላችን ለእርሻ ሥራ የመጡ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። በአገራቸው ብዙው ሕዝብ የሂንዱ እምነት ተከታይ ነው። ሺቫ የሚባለው አምላካቸው ሲጨፍር በሚያሳየው ሐውልት በአንዱ እጁ ወገቡ የቀጠነ ትንሽ ከበሮ ይዟል፤ ዳማሩ ይባላል። ድምፁ ዓለም የተፈጠረበት ድምፅ ነው ብለው ያምናሉ። በሌላው እጁ የያዘው እሳት ደግሞ ዓለም የሚጠፋበት ነው። ከባሕር የሚወጣ ትልቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊትም እንደ መለከት ይነፋሉ፤ ሻንክ ይሉታል፣ የቪሽኑ ምልክት ነው። ደወልም አላቸው። የእኛን ደወል የሚደውለው ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፤ እዚያ ግን ለጸሎት የሚገባው ሰው ራሱ ደውሎ ይገባል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። እኛ ትምህርት ቤት ግን ቢፈቀድ ደወሉ አንድ ሳምንት የሚቆይ አይመስለኝም!

ወደ ጋምቤላችን ልመለስ። ከበሮ በአኙዋክኛም በኑዌርኛም «ቡል» ነው። ቡል ሲመታ ሰው ለጭፈራ ይሰበሰባል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የጓደኛዬ አያት የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። በድሮ ጊዜ በአኙዋክ መንደር ቡሉ የኳሮው፣ ማለትም የመንደሩ አለቃ ነበር። ከጨሌው ጋር የሥልጣኑ ምልክት ነው። ሕዝቡ ኳሮውን ጠልቶ ካወረደው ቡሉና ጨሌው ለሚተካው ይሰጣሉ። ስለዚህ ቡል ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ የሚገዛው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። መምህራችንም ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ አኙዋክ አገዛዝ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ እንደጻፈ ነገሩኝ። አያትየው መጽሐፉን አላነበቡም፤ ከአባታቸው ነው የሰሙት።

አሁን ደግሞ ቡል ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። በመካነ ኢየሱስ እሁድ እሁድ በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ሲዘመር የሚመታው እሱ ነው። እዚያ እንደ ኦርቶዶክሱ ከበሮ ለጠፍሩና ለአፉ ትርጉም አይሰጥም፤ ቋንቋው የራሳቸው ስለሆነ ምቱም የራሳቸው ይሁን ነው ነገሩ። ክፍላችን ውስጥ እሁድ ቡል የሚመታ ልጅ አለ። ሠርግ ላይ ምታ ሲሉት እምቢ ይላል፤ «እጄን ለመዝሙር ሰጥቻለሁ» ይላል። ታላቅ ወንድሙ ግን ቅዳሜ ሠርግ ላይ መትቶ፣ እሁድ ጠዋት እዚያው ከጎኑ ቆሞ ይመታል። እናታቸው ሁለቱንም አይቆጡም።